የድሮውን መንገድ በስተርጅና፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ የትኛው ፒስታ፣ በየትኛው መኪና?

ጡረታ ሲወጣ፣ ልጆችም ራሳቸውን ሲችሉ፣ ብዙ ሰው አንድ ሐሳብ ይመጣበታል። «እስኪ ያንን መንገድ ደግሜ ልየው» ይላል። በሥራ የተመላለሰበት፣ በእግሩ ዝቋላ የወጣበት፣ ከጓደኞቹ ጋር ሱባ ጫካ ያደረበት መንገድ ይናፍቀዋል። ደግ ሐሳብ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ከመቀመጥ በብዙ ይሻላል።

ችግሩ ያለው አመራረጡ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከመኪናው ነው። «ላንድክሩዘር ልግዛ ወይስ ሱዙኪ?» ይላል። የእኔ ምክር ከዚህ ይለያል። መጀመሪያ መንገዱን ይምረጡ። ቀጥሎ ጉልበትዎንና ወገብዎን ይጠይቁ። መኪናው መጨረሻ ላይ ይምጣ።

ለምን ቢሉ፣ በእኛ ዕድሜ ሰውን የሚያሳስተው የማያውቀው መንገድ አይደለም። ለማያውቀውማ ሰው ይጠይቃል፣ ቀስ ይላል። የሚያሳስተው የሚያውቀው ነው። «ይሄንን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ» ያሉበት ቦታ ዛሬ ሌላ ሆኗል። ሜዳ የነበረው ታጥሯል። በጎች የሚጋጡበት ኮረብታ የድንጋይ ካባ ሆኗል። ጠባቧ የጋሪ መንገድ የሲኖትራክ መመላለሻ ሆና መሃሏ ተቆፍሯል። ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ሰበታና ገላን ዙሪያ ያለው ፒስታ ከ20 ዓመት በፊት ከሚያውቁት ጋር ስሙ ብቻ ነው የሚመሳሰለው። ስለዚህ ከታች የምለው ሁሉ አንድ ነገር ላይ ይቆማል። መንገዱን እንደ አዲስ ይዩት።

መንገዶቹ

ለመጀመሪያ ቀን የምመርጠው የአዳዲ ማርያምን መንገድ ነው። በቡታጅራ አስፋልት ይወጣሉ፣ የአዋሽን ድልድይ ያልፋሉ፣ ከዚያ አለፍ ብሎ ወደ ቀኝ ይታጠፋሉ። የሚቀረው ኮረኮንች ነው፤ ረጅም አይደለም። አቀበቱ ቀላል ነው። ገደል የለም። መጨረሻው ላይ ከአለት የተፈለፈለችው አዳዲ ማርያም አለች። በንጉሥ ላሊበላ ዘመን እንደተሠራች ይነገራል። ወደ ውስጥ ሲወርዱ ደረጃው ያልተስተካከለ ነውና ከዘራ ያለው ሰው ይያዝ።

ይህን መንገድ የምወድበት ሌላም ምክንያት አለኝ። መልካ ቁንጡሬ እዚያው መንገድ ላይ ነው። የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ የተገኘበት ቦታ ነው፤ መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ድሮ ስናልፍ ዞር ብለን እንኳ አናየውም ነበር። ሙዚየሙ በጎጆ ቅርጽ የተሠሩ ትንንሽ ቤቶች ናቸው። እግር ለማፍታታት ጥሩ ማረፊያ ነው። ባለቤትዎ ወይም አብሮዎ የሄደው ወዳጅ ጉልበት የሚያመው ከሆነ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ሁለተኛው መናገሻ ሱባ ነው። ሰበታ ላይ ከጅማው መንገድ ወጥተው ወደ ወጨጫ ተራራ ያቀናሉ። ጫካው ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ሲጠበቅ እንደኖረ ይነገራል። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ኮሶው አሁንም አለ። ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ለማየት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ሞተር አጥፍቶ ዝም ብሎ መቀመጥ ይበቃል።

ከባዱ ነገር መሬቱ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ስለሆነ ፀሐይ እንደ ልብ አይገባም። ስለዚህ ዝናብ ከቆመ ከቀናት በኋላም ጭቃው አይደርቅም። ሰበታ ላይ አቧራ እየጨሰ፣ ጫካው ውስጥ ጎማ ሊያዳልጥ ይችላል። ከላይ የወደቀ ቅጠል ስለሚሸፍነው ደግሞ አይታይም። ታችኛው መንገድ ለእኛ ይበቃል። ወደ ወጨጫ ጫፍ የሚያወጣው ሌላ ነገር ነው። ተራራው 3,385 ሜትር ነው። እዚያ ለመድረስ የሚፈልግ ሰው መኪናውን ታች አቁሞ፣ ከአካባቢው ሰው መሪ ይዞ፣ በእግሩ የቻለውን ያህል ይውጣ። የቻለው ግማሽ መንገድ ከሆነም ግማሽ መንገድ ወጣ ማለት ነው።

ሦስተኛው ዝቋላ ነው። ስለሱ ትንሽ ላብራራ፤ ብዙ ሰው ልቡ ያለው እዚያ ነውና። ተራራው ሜዳ መሃል ብቻውን የቆመ፣ 2,989 ሜትር ከፍታ ያለው የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። አናቱ ላይ ሐይቅ አለ። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳምም እዚያው ነው። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ሲነግሥ ሕዝቡ ከየአቅጣጫው ይተማል። የእኛ ትውልድ አብዛኛው በእግሩ የወጣው በእነዚህ ቀናት ነው።

በመኪና ሲሆን ነገሩ ይለያል። ከቢሾፍቱ ሜዳውን እስኪያቋርጡ ድረስ መሬቱ ጥቁር አፈር ነው። በበጋ ይሰነጣጠቃል። በዝናብ ያብጥና እንደ ሊጥ ጎማ ላይ ይለጠፋል። የጎማው ጥርስ በጭቃ ከተሞላ በኋላ የመኪናው ዋጋ ምንም ይሁን ምን ያው ነው፤ ይንሸራተታል። ሜዳውን ካለፉ አቀበቱ ይመጣል። ድንጋያማ ነው፣ ጠባብ ነው፣ መታጠፊያው ድንገተኛ ነው። ከላይ የሚወርድ መኪና ካጋጠመ አንዱ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። አንገቱን እንደ ድሮው ማዞር ለማይችል ሰው እዚያ ዳገት ላይ ወደ ኋላ መንዳት እውነተኛ አደጋ ነው። ስለዚህ ለዝቋላ ያለኝ አስተያየት አጭር ነው። ይሂዱ፤ ግን መሪውን የሚይዘው ሌላ ሰው ይሁን። በንግሥ ቀን ደግሞ መኪና አይውጣ። መንገዱ የእግረኛው ነው።

እንጦጦን ከነዚህ ጋር ማወዳደር ይከብዳል። ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም አስፋልት ነው። አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት ቤተ ክርስቲያን ድረስ በማንኛውም ጤነኛ መኪና ይደረሳል። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ባሕር ዛፉ ውስጥ እንደ ድሮው በየአቅጣጫው መኪና ይዞ መግባት የለም። ለአካባቢው ጥሩ ነው። ለእኛም ጥሩ ነው፤ የሚራመዱበት የተስተካከለ መንገድ ተገኝቷል። አንድ ነገር ብቻ ልብ ይበሉ። አደጋው መውጣቱ ላይ ሳይሆን መውረዱ ላይ ነው። ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወስደው ቁልቁለት ረጅም ነው። ፍሬን እየረገጡ ከወረዱ ይግላል፣ ይሸታል፣ ከዚያ መያዝ ያቆማል። በወጡበት ማርሽ ይውረዱ። ሁለተኛ ይዘው ከወጡ፣ ሁለተኛ ይዘው ይውረዱ።

የካ ላይ ያለው ዋሻ ሚካኤል ቅርብ ነው፣ ግን መንገዱ ድንጋይ በድንጋይ ነው። መኪናን ከሚያንገላቱ ታች አቁመው በዝግታ ቢራመዱ ይሻላል። የረር ተራራ ደግሞ በበጋ ጥሩ ነው። በክረምት ዙሪያው ጥቁር አፈር ስለሆነ አይሞከርም። ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

መኪናዎቹ

እዚህ ላይ ሰው ስሜቱ ይመራዋል። በወጣትነቱ የመሥሪያ ቤት ላንድክሩዘር የነዳ ሰው ዛሬም ከዚያ ውጭ መኪና ያለ አይመስለውም። እውነት አለው። ሃርድቶፑ፣ ያ ባለ 4.2 ሊትር የናፍታ ሞተሩ፣ የማይሄድበት የለም። ሲበላሽም በየትኛውም ከተማ የሚያውቀው መካኒክ አይጠፋም። መለዋወጫው አለ። ሞተሩ ቀላል ስለሆነ በኮምፒውተር አይመረመርም፤ በጆሮ ይታወቃል።

ግን አንድ ነገር ቀረብ ብለው ይዩ። በሩን ይክፈቱ። የወለሉ ከፍታ የት ጋ ነው? መርገጫ ከሌለው፣ ግራ እግርን አንስቶ ለመውጣት ቀኝ ጉልበት የሰውነትን ክብደት ሁሉ መሸከም አለበት። መውረዱ ይብሳል። ጭቃ ላይ ዘልሎ ማረፍ ማለት ነው። አንድ ቀን ሲዞሩ ውለው ስንት ጊዜ እንደሚወርዱ ያስቡ። ፎቶ ለማንሳት፣ መንገድ ለመጠየቅ፣ ሽንት ለመሽናት፣ ድንጋይ ለማንሳት። እና ደግሞ ብዙዎቹ የቆዩ ላንድክሩዘሮች የፊት ጎማቸው መሃል ላይ በእጅ የሚዞር መቆለፊያ አላቸው። አራቱም ጎማ እንዲሠራ ወርዶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሁለቱም በኩል ማዞር ያስፈልጋል። ጭቃ ከገቡ በኋላ ካስታወሱት፣ በጭቃ ላይ ተንበርክከው ነው የሚያዞሩት። ላንድክሩዘር ለሚመርጥ ሰው ይህን አስፋልቱ ሳያልቅ፣ ደረቅ መሬት ላይ ቆሞ እንዲያደርገው እመክራለሁ።

ትርፍ ጎማውም አለ። የላንድክሩዘር ጎማ ከነቸርኬው ከ30 ኪሎ በላይ ነው። ስልሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ያንን ብቻውን አንስቶ ቦታው ላይ ሊገጥም ሲሞክር ወገቡን ይሰብራል። ጎሚስታ ደግሞ ወጨጫ ሥር የለም።

ሱዙኪ ጂምኒ ተቃራኒው ነው። ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ክብደቱ ከላንድክሩዘሩ ግማሽ ገደማ ነው። ግን እንደ ትልቁ ቻሲ አለው፣ መኪናውን በዝግታ ግን በጉልበት የሚያስኬደው ዝቅተኛ ማርሽ (ፎር ሎው) አለው፣ ከመሬት ከፍ ያለ ነው። ጠባብ መንገድ ላይ ለመመለስ ቦታ አያስቸግረውም። ማጥ ውስጥ ቢገባ ሦስት ወጣቶች ገፍተው ያወጡታል። ትርፍ ጎማው ከኋላ በሩ ላይ ነው፤ ከትልቁ መኪና ጎማም በጣም ይቀላል። ቁመቱ ደግሞ ለአብዛኛው ሰው መቀመጫው ላይ ጎን ብሎ የሚገባበት ልክ ነው፤ መውጣትም መውረድም አያስፈልግም።

ጉድለቱን አልደብቅም። አጭር ስለሆነ ኮረኮንች ላይ ይነጥራል። ወገብ የሚያመው ሰው ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሰማዋል። ሻንጣ የሚያስቀምጡበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ኋላ የሚቀመጥ ሰው ይሰቃያል፤ ስለዚህ የሁለት ሰው መኪና አድርገው ይቁጠሩት። ሌላው የሲኖትራክ ቦይ ነው። ከባድ መኪና የቆፈረው ቦይ በትንሽ መኪና ጎማዎች መካከል ካለው ርቀት ይሰፋል። ሁለቱንም ጎማ ቦይ ውስጥ ላግባ ካሉ አንዱ ይገባል፣ አንዱ ከላይ ይቀራል፣ መኪናው ያጋድላል። አንዱን ጎማ መሃል ባለው ጉብታ፣ ሌላውን በዳር አድርጎ መሄድ ነው የሚሻለው።

ከሁለቱ ምረጥ ብባል፣ ለሁለት ሰው፣ ለቀን ጉዞ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ጂምኒውን እመርጣለሁ። ጉልበቱ ያነሰ ነው፤ ግን እኛም ቀስ ብለን ነው የምንሄደው። ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አብሮ ከሄደ፣ ወይም ወገብዎ መንጠርን የማይችል ከሆነ፣ ወደ ረጅሙ መኪና ይመለሱ።

ቪታራ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ቪታራ ሁሉ አንድ አይደለም። የድሮው ቪታራ ዝቅተኛ ማርሽ አለው፣ ቻሲውም ጠንካራ ነው። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የመጣው አዲሱ ቪታራ ግን የከተማ መኪና ነው። አራት ጎማ የሚነዳው እንኳ ዝቅተኛ ማርሽ የለውም። ራቭ ፎርም እንዲሁ ነው። ለአዳዲ ይበቃሉ። ለሱባ ታችኛው መንገድ በደረቅ ወቅት ይበቃሉ። ለዝቋላ አይሆኑም። ሻጭ «ፎር ባይ ፎር ነው» ቢልዎት፣ «ፎር ሎው አለው ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ከሌለው ቁልቁለት ላይ የሚያምኑት ፍሬኑን ብቻ ነው።

ፒክ አፕ፣ ሃይሉክስ በተለይ፣ ከተማ ዙሪያ በብዛት የሚገኝ ነው። ለኪራይም ይገኛል። ጠንካራ ነው። ግን ባዶውን ከሆነ ኋላው ቀላል ስለሆነ ይዘላል። ርዝመቱ መታጠፊያ ላይ ያስቸግራል። ትርፍ ጎማው ከሥር ስለሚንጠለጠል ለማውረድ መሬት ላይ መተኛት ሊያስፈልግ ይችላል። አራትና አምስት ሰው ሆነው ለሚሄዱ ካልሆነ አልመርጠውም።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በቤንዚንና በናፍታ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ስለ ኤሌክትሪኮቹም ሰው ይጠይቃል። አብዛኞቹ ለአስፋልት የተሠሩ ናቸው። ባትሪያቸው ወለሉ ሥር ስለሆነ ድንጋይ ላይ መቀመጥ የለባቸውም። እንጦጦ ማርያም ድረስ ግን ያለ ድምፅ፣ ያለ ፍሪሲዮን፣ ያለ ድካም ይወጣሉ። ሲወርዱም ሞተራቸው ራሱ ፍጥነቱን ይይዛል፣ ፍሬኑ አይግልም። ለእንጦጦ የመጀመሪያ ምርጫዬ ናቸው። ከዚያ ውጭ ግን ፒስታ ላይ አላወጣቸውም።

ስለ ከፍታም አንድ ነገር ልበል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል ከፍ ባለ ቁጥር በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። 3,000 ሜትር ላይ 30 በመቶ ያህል ሄዷል ማለት ነው። ታች ጠንካራ የነበረው መኪና ላይ ቢያቃስት አይደንግጡ። ማርሽ ቀንሰው ይጠብቁት።

ማንዋል ወይስ አውቶማቲክ

ድካሙ የሚጀምረው ፒስታው ላይ አይደለም። አየር ጤና ላይ ነው። ወይም ቃሊቲ፣ ወይም ለገጣፎ መውጫው ላይ። መኪናው እየተገፋ ሲሄድ ግራ እግር ፍሪሲዮን ላይ ይውላል። ጉልበቱ የተጎዳ ሰው ከአስፋልቱ ሳይወጣ ደክሞታል። ስለዚህ ለጉልበት ሕመምተኛ አውቶማቲክ ይሻላል። «አውቶማቲክ ፒስታ ላይ አይሆንም» የሚለው የድሮ ወሬ ነው። ዝቅተኛ ማርሽ ካለው በሚገባ ይሆናል። አቀበት ላይ ቆሞ ሲነሳ ወደ ኋላ ስለማይንሸራተት እንዲያውም ይቀላል። ማንዋሉ የሚበልጠው ረጅም ቁልቁለት ላይ ነው፤ ሞተሩ ጠንክሮ ይይዛልና። ባትሪ ሲደክምም ገፍቶ ማስነሳት ይቻላል፤ ይህ ገጠር ላይ ትልቅ ነገር ነው።

መሪውን ማን ይያዝ

እዚህ ላይ ሰው ይከፋዋል። «ጋሼ፣ እኔ ልንዳ» ሲባል እንደ ውርደት የሚያየው አለ። አይደለም። ሾፌር ሆነው ሲሄዱ የሚያዩት ከፊት ያለውን 10 ሜትር መሬት ብቻ ነው። ጎን ሲቀመጡ ግን ተራራውን ያያሉ። መንገዱን ፈልገው ከወጡ፣ መንገዱን የሚያየው ጎን የተቀመጠው ነው።

ሦስት ምርጫ አለ። አንዱ ራስዎ መንዳት ነው። አዳዲና እንጦጦ ላይ ምንም አይደለም፤ ዓይንዎ ጥሩ ከሆነ። ሁለተኛው ልጅዎ ወይም የወንድምዎ ልጅ እንዲነዳ ማድረግ ነው። ደስ ይላል፣ ወሬም አለ። ግን ልጁ ፒስታ ነድቶ ካላወቀ፣ የአዲስ አበባ ፍጥነቱን ይዞ ይመጣል። ከመነሳታችሁ በፊት «እኔ ቁም ስልህ ትቆማለህ» ብለው ይስማሙ። ሦስተኛው የአካባቢውን መንገድ የሚያውቅ ሾፌር ከነመኪናው መከራየት ነው። ገንዘብ ያስወጣል። ግን ለዝቋላና ለሱባ ከዚህ የተሻለ የለም። መኪና ገዝቶ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ከማውጣት፣ ኢንሹራንስና ጎማ ከመክፈል፣ መከራየቱ ይረክሳል። ሾፌሩን ሲመርጡ ስለ መኪናው ብቻ አይጠይቁት። ባለፈው ወር እዚያ ሄዶ እንደሆነ ይጠይቁት። መልሱ «አውቀዋለሁ» ከሆነ አይበቃም፤ «ባለፈው ሳምንት ድልድዩ ጋ ተቆርጧል፣ በዚህ ነው የሚዞረው» የሚል ሾፌር ነው የሚፈለገው።

የጸጥታውንም ነገር ሳይጠይቁ አይውጡ። ከመሄድዎ በፊት በነበረው ቀን ለአካባቢው ሰው ይደውሉ። ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ የሚያውቁት ባለ ሱቅ፣ ማንም ይሁን። «አትምጡ» ካሉ አይሂዱ። እዚያ ሲደርሱ ደግሞ ባለ አገሩን ሰላም ይበሉ። «አካም ጅርቱ» ማለት ብቻ ብዙ በር ይከፍታል። በእርሻ ዳር ሲያልፉ ያቁሙና ይጠይቁ፤ ያ ድሮ የሚያቋርጡበት ሜዳ ዛሬ የሰው ጤፍ ሊሆን ይችላል።

ሰውነት

የደም ግፊት ኪኒን የሚወስድ ሰው «መንገድ ላይ ሽንት ያስቸግረኛል» ብሎ ኪኒኑን መተው የለበትም። ሰዓቱን ስለማስተካከል ሐኪምዎን ያማክሩ እንጂ በራስዎ አይዝለሉት። ውኃ መጠጣትም አይቁም። ይልቅ በየሰዓቱ ይቁሙ። ለወገብም፣ ለጉልበትም፣ ለፊኛም ይበጃል።

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ ለጥቂት ሳምንት የመጡ ወዳጆች ካሉ፣ በመጡ ማግስት ወጨጫ ወይም እንጦጦ አይውሰዷቸው። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ጥቂት ቀን ይረፉ። ልብ ወይም ሳንባ የሚያማቸው ከሆነ መጀመሪያ ሐኪም ይጠይቁ።

ዓይንም አለ። በምሽት የፊት ለፊት መብራት የሚያጭበረብረው ሰው ፀሐይ ሳትገባ አስፋልት ላይ መሆን አለበት። ጨለማው እዚህ አገር ቶሎ ነው የሚወርደው። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የትም ቢሆኑ ይመለሱ። ጠዋት 1 ሰዓት ከወጡ ቀኑ ይበቃል።

መቼ

ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ ፒስታ አይታሰብ። እንጦጦ ብቻ፤ እሱም ጉም ሲወርድ አይሆንም። መስከረም ላይ አደይ አበባው ያስጎመጃል፣ ግን መሬቱ ገና አልጠጣም። ከጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት ጀምሮ መሬቱ ይይዛል። ኅዳርና ታኅሣሥ የሚበልጡ ወራት ናቸው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ጤፉ ይታጨዳል፣ ከየረር ዝቋላ ይታያል። ጥርና የካቲት አቧራው ይበዛል፤ አስም ያለበት ሰው መስኮት ይዝጋ። መጋቢትና ሚያዝያ የበልግ ዝናብ ድንገት ሊመጣ ስለሚችል፣ ጥቁር አፈር ያለበትን መንገድ ትተው አዳዲን ይምረጡ። እዚያም ቢሆን ሰማይ ሲጠቁር ካዩ፣ ቤተ ክርስቲያኑን በሌላ ቀን ይሳለሙ፣ መኪናውን ወደ አስፋልቱ ይመልሱ።

ከመውጣትዎ በፊት በነበረው ምሽት ነዳጅ ሙሉ ያድርጉ፤ ጠዋት ሰልፍ ላይ ሰዓት አይጥፋ። አካፋ፣ ካቦ፣ ክሪክና ክሪኩ ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ ከሥሩ የሚቀመጥ ወፍራም ጣውላ ይያዙ። የጎማ ንፋስ መለኪያና ትንሽ ፖምፓም ይኑርዎት፤ ኮረኮንች ላይ ንፋሱን ጥቂት ቀነስ ማድረግ ለወገብ ትልቅ እረፍት ነው፣ አስፋልት ሲደርሱ ግን መልሰው መሙላት አለብዎት። የት እንደሚሄዱና በስንት ሰዓት እንደሚመለሱ ቤት ለቀረው ሰው ይንገሩ። ስልክ በማይሠራበት ቦታ ሊያልፉ ይችላሉና፣ እስከ ማታ 1 ሰዓት ካልደወሉ ማን ጋ መደወል እንዳለበት ጽፈው ይስጡት።